ሳህኑ «መጥኖ መደቆስ» ይላል፦ ስለ መካከለኛው ዘመን እስላማዊ ሳህኖች እንጫወት

ገል_ለቃሚ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት።

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ኒውዮርክ ሄጄ ግማሽ ቀን ተረፈኝ። ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገባሁ። ሐሳቤ የግብፅን ክፍል አይቼ መውጣት ነበር። መንገድ ሳትኩና እስላማዊው ክፍል ውስጥ ራሴን አገኘሁት። እዚያ አንድ ሳህን አስቆመኝ።

ሳህን ስላችሁ የሲኒ ማስቀመጫ እንዳይመስላችሁ። ወርዱ 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ጎድጓዳ። ለአምስት ሰው ፍትፍት ይበቃል። መደቡ ወተት የመሰለ ነጭ። አበባ የለ፣ ወፍ የለ። የውስጡን ዳር ይዞ አንድ መስመር የዐረብኛ ጽሑፍ ብቻ ይዞረዋል፣ ወደ ጥቁር በሚያደላ ቡናማ። ፊደሎቹ ቁመታቸው ምዝዝ ያለ ነው። ጫፋቸው እንደ ጦር ወደ ሳህኑ እምብርት ተቀስሯል። መሃሉ ባዶ።

ከሥሩ ያለው መግለጫ እንደሚለው ሳህኑ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ከኒሻፑር፣ የዛሬዋ ሰሜን ምሥራቅ ኢራን። ጽሑፉ ደግሞ፦ «ከሥራ በፊት ማቀድ ከጸጸት ያድንሃል። መልካም ዕድልና ሰላም።»

ብቻዬን ሳቅሁ። አያቴ ነገር በተበላሸብን ቁጥር የምትለው ነው እኮ! «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።» የኛዎቹ በድስት ተረቱ፣ እነዚያ ሳህኑ ላይ ጻፉት።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። አጠገቤ የቆሙ ሁለት ዐረብኛ ተናጋሪዎች ሊያነቡት ሞክረው፣ ተሳስቀው ሄዱ። ምክር ከሆነ ለምን እንዳይነበብ አድርገው ጻፉት? ደግሞስ ምግብ ሊከደንበት? የምታውቁ አካፍሉን። ፎቶውን ለጥፌዋለሁ።

ኡም_ሰልማን · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

ወንድሜ ገል ለቃሚ፣ በሰዎቹ አትፍረድ። እኔ 19 ዓመት ጅዳ ኖሬ፣ ፎቶውን ለማንበብ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ያውም ትርጉሙን አውቄ።

አጻጻፉ ኩፊ ይባላል። እዚህ ሳህን ላይ ነጥብ የለውም። ዐረብኛ ያለ ነጥብ ማለት በቃል መነሻ ላይ «በ»፣ «ተ» እና «ነ» መንታ ሆኑ ማለት ነው። ለይተህ የምታውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። እንዲህ ይነበባል፦ «አት-ተድቢር ቀብለል-ዐመል ዩእሚኑከ ሚነን-ነደም፣ አል-ዩምን ወስ-ሰላማ»። «ሰላማ»ን ሁላችሁም አወቃችኋት። «ዐመል» ግን እንዳያሳስታችሁ። ሥራ ማለት ነው፣ የኛ አመል አይደለም። (ከአመል በፊትም ማሰብ አይከፋም ነበር፣ የኛ ጎረቤት ቢሰማ።)

ከዚሁ ወገን የሆኑ ሌሎች ሳህኖችም አሉ። አንዱ «ቸርነት የጀነት ሰዎች ጠባይ ነው» ይላል። ምግብ ለእንግዳ ሲቀርብበት አስቡት። አስተናጋጁ ራሱን እያመሰገነ ነው? ወይስ እንግዳውን በርታና አንተም ጋብዝ እያለው ነው? ኮፐንሃገን፣ ዴቪድ ኮሌክሽን ውስጥ ያለው ደግሞ «ራስህን ያስለመድከውን ነገር ትለምደዋለህ፣ በረካ ለባለቤቱ» የሚል ቃል አለበት። እሱ እንኳ በቀጥታ ስለ አመል ነው።

ጠርጣራው · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ኒሻፑር ኢራን ውስጥ ነው። ሰዎቹ ፋርስኛ ተናጋሪ ናቸው። ታዲያ ለምን በዐረብኛ?

ኡም_ሰልማን · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡31

ጥሩ ጥያቄ። ያኔ አገሩን የያዙት ሳማኒዶች ናቸው። መናገሻቸው ቡኻራ ነበር፣ ኢብን ሲና በወጣትነቱ ቤተ መጻሕፍታቸው ገብቶ ያነበበበት ከተማ። ቤተ መንግሥታቸው የፋርስኛ ግጥምን ያሳደገ ነው። ሳህኑ ግን ዐረብኛ ይናገራል። ዐረብኛ የተማረ ሰው ቋንቋ ነበር። የኛ ሊቅ ቤት ውስጥ አማርኛ እያወራ በግዕዝ እንደሚቀኘው ማለት ነው። ሰሙን ስትደርስበት ወርቁ ገና ይቀርሃል፣ አይደል? የማስቸገሩ ነገር ራሱ የጨዋታው አካል ይመስለኛል።

ወይዘሮ_ወጭት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

እኔ የማስበው በወጥ ቤት በኩል ነው። ሳህን ሲቀርብ ሙሉ ነው። ሲበላ ይጎድላል። ጽሑፉ ዳር ላይ ስለሆነ ቀድሞ ብቅ ይላል። እንግዶቹ እየበሉ «ይቺ ምን ፊደል ናት» እየተባባሉ ይጫወታሉ። ምግቡ ሲያልቅ ምክሩም ያልቃል። ሊቅ አይደለሁም፣ ግን ሰው ጋብዤ አውቃለሁ።

ደግሞ ጥያቄ አለኝ። ሸክላ ከሆነ ዘይቱን አይጠጣም? እኛ አዲስ ምጣድ ሳናሟሽ አንጋግርበትም።

ጭቃ_ሹም · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡40

እትዬ ወይዘሮ ወጭት ቁልፉን ነገር ነክተውታል። ሴራሚክ ስለምሠራ ትንሽ ልዘባርቅ።

እኛ ምጣድን በጎመን ዘር እናሟሻለን። የሸክላውን ቀዳዳ ቅባቱ ይደፍነዋል። የኒሻፑር ሸክላ ሠሪ ደግሞ ብርጭቆ ያቀልጥበታል። ግሌዝ የምንለው ይኸው ነው። ደቃቅ የአሸዋ ድንጋይ ከእርሳስ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ሳህኑ ይቀባል፣ እሳት ይገባል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ብርጭቆ ሆኖ ይቀራል። እርሳሱ የሚገባው አሸዋው በዝቅተኛ ሙቀት እንዲቀልጥ ነው። በማገዶ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን የእርሳስ ግሌዝ መጥፎ ጠባይ አለው። ሲቀልጥ ከሥሩ ያለውን ቀለም ያጥበዋል። ቀጭን መስመር ጽፈህ ከምድጃ ስታወጣው ተድበስብሶ ታገኘዋለህ። ታዲያ የኒሻፑርና የሳማርቃንድ ሰዎች ምን አደረጉ? ቀለሙን ከሸክላ ጭቃ ጋር ለወሱት። ጭቃው ቀለሙን ጨምድዶ ይይዘዋል። ግሌዙ ቢፈስም ፊደሉ ንቅንቅ አይልም። የዚያ ፊደል ጫፍ እንደ ጦር የሾለው ለዚህ ነው።

ነጩ መደብም የሸክላው የራሱ መልክ አይደለም። ገሉ ወደ ቀይ ያደላል። ላዩ ላይ እንደ ወፈረ ወተት የቀጠነ ነጭ ጭቃ ፈሶበታል። ሳህኑን ገልብጠህ እግሩን ብታይ ቀዩ ሸክላ ያሳብቃል። ባጭሩ ቀይ ጭቃ ነጭ ነጠላ ለብሶ ነው ያየኸው።

ወይዘሮ_ወጭት · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡05

እርሳስ? ልጄ፣ ያ መርዝ አይደለም እንዴ?

ጭቃ_ሹም · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡12

ነው እንጂ። በተለይ ሎሚ፣ አቼቶ፣ ቲማቲም ያለበት ነገር ሲቀመጥበት ወደ ምግቡ ሊሟሟ ይችላል። ማንም ሰው ጥንታዊ ሳህን እጁ ቢገባ እባካችሁ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ሰላጣ አይቅረብበት።

ጠርጣራው · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ነጭ ሳህን የቻይና ነው። እነዚህ ሰዎች ፖርሴሊን አይተው ቀዱ። ኮፒ ነው። ለምን እንዲህ ታሞጋግሱታላችሁ?

ጭቃ_ሹም · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡30

ጠርጣራው፣ ለአመልህ መልስ ልስጥህ።

የቻይና ሸክላ እንዳስቀናቸው እውነት ነው። በይሃቂ የተባለው የ11ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ ይህንን ይተርካል። ኒሻፑር ያለችበት የኹራሳን ግዛት ገዥ ዓሊ ኢብን ዒሳ ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ስጦታ ላከ። ከስጦታው ውስጥ 20 የቻይና ንጉሣዊ ፖርሴሊን ዕቃዎች ነበሩ። በኸሊፋ ቤት እንዲህ ያለ ታይቶ አያውቅም ይላል። ሌላ 2,000 ፖርሴሊንም አብሮ ሄዷል።

በጅምላ ይመጣ እንደነበር ደግሞ ባሕሩ መሰከረ። በ1998 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ የሰጠመ መርከብ ተገኘ። ሳንቃው በምስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፋ፣ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራብ ዳርቻ ሰዎች የሚሠሩት ዓይነት መርከብ ነው። ሆዱ ውስጥ 60,000 ያህል የቻይና ሸክላ ነበር፣ አብዛኛው ቻንግሻ የተሠራ ተራ ሳህን። አንዱ ሳህን ላይ ከ826 ጋር የሚገጥም የቻይና ቀን ተጽፎበታል። ዛሬ ሲንጋፖር ሙዚየም ነው ያለው።

አሁን ወደ ኮፒው። ኢራቅ ውስጥ የቻይናው ነጭ ሸክላ አፈር የለም። የፖርሴሊን ሙቀት የሚደርስ ምድጃም የለም። ስለዚህ የባስራ ሰዎች መልኩን ብቻ ይዘው መንገዱን ራሳቸው ፈለጉ። ግሌዙ ውስጥ ቆርቆሮ ጨመሩ። ስመ ሞክሼ ነውና ጣሪያው አይምጣባችሁ፣ ማዕድኑን ነው የምለው። ቆርቆሮ ግሌዙን ያነጣዋል፣ ድፍን ያደርገዋል። ከሥሩ ያለው ቢጫ ሸክላ ይሰወራል። ከሩቅ ፖርሴሊን ነው የምትለው።

ያን ነጭ ሜዳ ካገኙ በኋላ ደግሞ ዝም ብለው አልተዉትም። ኮባልት ቀቡበት፣ ሰማያዊ። ሰማያዊው ግሌዙ ውስጥ ሰረግ ብሎ ይገባል፣ እርጥብ ወረቀት ላይ እንደ ጠብታ ቀለም። ሜትሮፖሊታን ውስጥ አንድ አለ፣ የ9ኛው ክፍለ ዘመን። መሃሉ ላይ አንዲት ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፋለች፦ «ጊብጣ»። ደስታ ማለት ነው። (ግብፅ ብላችሁ እንዳታነቡ፣ እኔ አንብቤያለሁ።)

በሰማያዊና ነጭ ሸክላ ኋላ ዓለምን የሞላችው ቻይና ናት። በባስራው ጊዜ ግን ሰማያዊው በሁለቱም በኩል ገና እየተሞከረ ነበር። ያ የሰጠመው መርከብ ራሱ ከ60,000 ዕቃ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ የሆኑ ሦስት ሳህኖች ብቻ ነው ሙሉ የተገኘበት። ማን ከማን ቀዳ የሚለው እንዲህ በአንድ አቅጣጫ አይሄድም።

ጠርጣራው · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡01

ተሸነፍኩ አልልም። ግን ስለ መርከቡ አላውቅም ነበር። ቀጥል።

ገል_ለቃሚ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

በዚያው ክፍል ሰው የተሣለባቸው ሳህኖችም አየሁ። ፈረሰኛ፣ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ንጉሥ፣ ሙዚቀኛ። ኡም ሰልማን፣ በድፍረት አይቁጠሩብኝና፣ በእስልምና የሰው ሥዕል ክልክል አይደለም?

ኡም_ሰልማን · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

ምን ድፍረት አለው፣ ሁሌ የምጠየቀው ነው። መስጊድ ውስጥ የሰው ሥዕል አታይም። ቁርኣን ላይ አታይም። የቤት ዕቃ ላይ ግን በዘመኑ ሞልቶ ነበር። ሁሉም ሊቅ ወደደው ማለት አይደለም። ሰው ቤቱ ምን እንደሚያደርግና ሊቅ ምን እንደሚል በየትም አገር ሁለት ነገር ነው።

ካሻን የምትባለውን የኢራን ከተማ ሳህኖች ፈልገህ እያቸው። ሚናኢ ይሏቸዋል። እንደ መጽሐፍ ሥዕል ደቃቅ ናቸው።

ጭቃ_ሹም · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

ልክ ናቸው። ሚናኢን የሠሩት ከ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 13ኛው መጀመሪያ ነው። «ሰባት ቀለም» ተብሎም ይጠራል። ሰማያዊው መጀመሪያ ከግሌዙ ጋር ይተኮሳል። ቀዩ፣ ጥቁሩና ወርቁ ያን ሙቀት ስለማይችሉት በላዩ ተቀብተው እንደገና በለዘበ እሳት ይገባሉ። ሁለቴ ማገዶ፣ ሁለቴ ጭንቀት። ከሁለተኛው ምድጃ የተሰነጠቀ ሳህን ማውጣት ምን እንደሚመስል እኔ ልንገራችሁ፣ ለቅሶ ቤት ነው።

ከካሻን ሸክላ ሠሪዎች ስማቸውን የፈረሙ አሉ። አቡ ዘይድ የሚባለው አንዱ ነው፣ ቀን ጭምር ጽፏል። አቡ ጣሂር የሚባል ቤተሰብ ደግሞ ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ ለትውልዶች አወረደ። ከዚያ ቤት የወጣው አቡል ቃሲም ሸክላ አልሠራም፣ የሞንጎል ገዥዎች ቤት ጸሐፊ ሆነ። የቤተሰቡን ሙያ ግን በ1301 ጻፈልን። የጭቃው ቅምር ይኸውላችሁ፦ 10 እጅ የተፈጨ ነጭ የድንጋይ ዱቄት፣ 1 እጅ የብርጭቆ ዱቄት፣ 1 እጅ ነጭ ሸክላ። ልብ በሉ፣ ሸክላው ከ12 አንድ እጅ ብቻ ነው! እኔ ሞክሬዋለሁ። እንደ በሶ እጅ ላይ ይፈረፈራል። እነሱ ግን ከዚህ ቀጭን ነጭ ሳህን አወጡ።

እዚህ ላይ የሚቆጨኝን ልናገር። እነዚያ ሸክላ ሠሪዎች ስማቸውን በወርቃማ ቀለም ሲፈርሙ፣ የኛዎቹን «ቡዳ» እያልን ከሰፈር ዳር አስቀመጥናቸው። ያቺ ጀበና የሠራችልንን ሴት ስም ስንቶቻችን እናውቃለን?

ዲያቆን_በለንደን · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ሰላም ለኪ ብዬ ልግባ። ይህን ክር ሌሊት አነበብኩት።

ለንደን ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ውስጥ አንድ ሳህን አለች፣ ከግብፅ፣ ፋጢሚዶች የሚባሉት ኸሊፋዎች ከገዙበት ዘመን። 11ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ። መልኳ ወርቅ የመሰለ። መሃሏ ላይ የቆመው ማን ይመስላችኋል? ካህን! የቅብጥ ካህን፣ ቆብ ያለው ረጅም ልብስ ለብሶ። ከእጁ ሰንሰለት ይወርዳል፣ ጫፉ ላይ ዕቃ ተንጠልጥሏል። አንዳንዱ መብራት ነው ይላል። እኔ ከልጅነቴ ጽና ይዤ ያደግሁ ነኝ። እጁን እንዴት እንዳደረገ አይቼ ጽና ነው ብያለሁ። ማንም አያሳምነኝም።

ሸክላ ሠሪው «ሰዕድ» ብሎ ፈርሟል። ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ፊርማው አይናገርም። የገረመኝ ሌላ ነው። በዚያ ዘመን የኛ ጳጳስ የሚመጣው ከዚያው ከግብፅ ነበር። ስለዚህ ያን መሰል ልብስ የለበሰ ሰው አገራችንም ገብቷል። ሳህኗን ሳይ ዘመድ ያየሁ መሰለኝ።

ገል_ለቃሚ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ዲያቆን፣ እንዴት ያለ ነገር ነው ያመጣኸው! ግን «ወርቅ የመሰለ» ስትል ወርቅ ነው?

ጭቃ_ሹም · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡45

ወርቅ የለበትም። ሉስተር ይባላል። እኔ ለዚህ ነገር ነው ሴራሚክ የጀመርኩት፣ ስለዚህ ታገሡኝ።

ሳህኑ መጀመሪያ በነጭ ግሌዝ ተተኩሶ ያልቃል። ከዚያ የብርና የመዳብ ውህድ ከቀይ አፈር ጋር ይለወሳል። ሳህኑ ላይ በብሩሽ ይሣላል። ሲታይ ጭቃ ነው፣ አያምርም። እንደገና ምድጃ ይገባል፣ አሁን ግን ከ600 ዲግሪ ትንሽ ከፍ በሚል ለዘብ ያለ እሳት። ግሌዙ እንዲለሰልስ እንጂ እንዲፈስ አይፈለግም። ልክ በሰዓቱ የምድጃው አየር ይታፈናል። ጭሱ ኦክስጅን ሲያጣ ከብሩና ከመዳቡ ላይ ይነጥቃል። ብሩና መዳቡ ዓይን የማያያቸው ቅንጣቶች ሆነው ግሌዙ ቆዳ ውስጥ ይቀመጣሉ። ጥቁር ሸክላችንም የሚጠቁረው በጭስ ታፍኖ ነውና አፈናው እንግዳ አይሁንባችሁ።

ከዚያ ሳህኑ ይወጣል። አሁንም ጭቃ ነው። በጨርቅ ታሸዋለህ። አፈሩ ይረግፋል። ከሥሩ ወርቅ ይወጣል። አንድ ደቂቃ ካሳለፍክ ይከስላል፣ አንድ ደቂቃ ከቸኮልክ አይያዝም። እኔ ከ30 ሙከራ ሦስት ወጥቶልኛል። ሦስተኛውን ልጄ ሰበረው።

ጥበቡ መጀመሪያ በግብፅና በሶርያ ብርጭቆ ላይ ነበር። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ኢራቅ ሸክላ ላይ አወጣው። ቀጥሎ ግብፅ፣ ከዚያ ካሻን። ናስር ኹስራው የሚባል ፋርሳዊ ተጓዥ በ1047 ካይሮ ገብቶ ነበር። የግብፅ ሸክላ እጅህን ከውጭ ብታደርግ ከውስጥ ይታይሃል ብሏል፣ እስከዚህ ስስ ነው። ቀለሙ ደግሞ ዕቃውን ባዞርከው ቁጥር ይለወጣል። ሉስተርን በእጁ ያገላበጠ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ሙዚየም መስታወት ውስጥ ግን ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ ሉስተር ስታዩ ቆማችሁ አትዩ፣ ጎንበስ ቀና በሉ። ዘበኛው ቢያፈጥ ያፍጥ።

ወይዘሮ_ወጭት · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡02

ናስር ኹስራውን ሳላነበው አልቀረሁም። የካይሮ ነጋዴዎች ለገዢው መያዣውን ጭምር ይሰጣሉ ያለው እሱ አይደል? ብርጭቆ፣ ሸክላ ወይም ወረቀት። የዛሬው ሱቅ ለፌስታል ያስከፍለኛል።

ሐረርጌ_84 · ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡20

አቦ፣ አገራችንን ረሳችኋት! ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ አለ። እኔ እዚያ ሰፈር ዘመድ አለኝ። ገበሬው ሲያርስ ገል፣ ዶቃ፣ የባዕድ ሳንቲም ያወጣል። ሽማግሌዎቹ ድሮ እዚህ ግዙፍ ሰዎች ይኖሩ ነበር ይላሉ፣ ድንጋዩን ማን አነሣው ብለው።

ቲሞቲ ኢንሶል የሚባል የኤክስተር ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስት ከኛ የቅርስ ሰዎች ጋር ቆፈረ። በ2017 ውጤቱ ተሰማ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲም ተገኘ። ከየመን፣ ከማልዲቭስ፣ ከማዳጋስካርና ከቻይና የመጣ ዕቃም አለ። ካሻን ሚናኢ ሲሠራ እኛ ጋ ሰው ከቻይና ይሸምት ነበር ማለት ነው።

ደግሞ ሐረር ጀጎል የገባ ሰው ያውቃል። የቤቱ ግድግዳ በሳህንና በሰፌድ ተሸፍኗል። ጎድጓዳ ሳህን ግድግዳ ላይ መስቀል ለኛ አዲስ አይደለም።

ዲያቆን_በለንደን · ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡05

ሐረርጌ፣ ግድግዳ ካልክ ጣልያን ፒዛ ሄደህ እይ። ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከሰሜን አፍሪካ፣ ከግብፅ፣ ከስፔን የመጡ እስላማዊ ሳህኖችን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በውጭ በኩል ለጥፈዋል፣ እንደ ፈርጥ። ዋናዎቹ አሁን ሙዚየም ገብተዋል። ቦታቸው ላይ አምሳያ አለ።

ጠርጣራው · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡00

እኔም የራሴን ላውጣ። ከሦስት ዓመት በፊት ባሕረ ሰላጤው አገር እየሠራሁ ከአንድ ሱቅ «የኒሻፑር» ሳህን ገዛሁ። የወር ደሞዜን ግማሽ። ባለቤቴ አንድ ቀን በአሴቶን የጥፍር ቀለሟን ስታስለቅቅ ጠብታ ፈናጠቀባት። ከፊደሉ ሦስቱ ጠፉ። ከሥሩ ጄሶ። ከዚያ ወዲህ ነው ጠርጣራ የሆንኩት። አትሳቁ።

ጭቃ_ሹም · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡25

አልሳቅሁም (ትንሽ ስቄያለሁ)። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ጄሶ አለበት ማለት ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ማለት ላይሆን ይችላል። የዚህ ዓይነት ሳህኖች ብዙዎቹ ከመሬት ሲወጡ ስብርባሪ ነበሩ። ነጋዴ ገሎቹን ይገጣጥማል፣ የጎደለውን በጄሶ ይሞላል፣ ላዩን ይቀባል። ሚናኢ ላይ ይህ በጣም በዝቷል። አንዳንዴ የሁለት ሳህን ገል ጋብቻ ይፈጽማል። አሴቶን ግን በገዛ እጃችሁ እንዳትሞክሩ።

በሥርዓት የተቆፈረው የተሻለ ነው። ሜትሮፖሊታን ኒሻፑርን ከ1935 እስከ 1940፣ ከዚያም በ1947 ቆፍሯል። ምድጃ አግኝተዋል። ከተማዋን በ1221 ሞንጎሎች አጥፍተዋታል። ሸክላ አይበሰብስ፣ አይቀልጥ። ሰው ሲያልቅ ገል ይቀራል።

ኡም_ሰልማን · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡00

አንድ የምወደውን ልጨምር። ፓሪስ ሉቭር ውስጥ ያለ ነው፣ እንዲሁ የሳማኒድ ዘመን፣ እንዲሁ ነጭ። «ጣዕሙ መጀመሪያ መራራ ነው፣ መጨረሻው ግን ከማር ይጣፍጣል» ይላል። ጥያቄው ምኑ ነው የሚመርረው የሚለው ነው። አንዳንዱ «ዒልም» ብሎ ያነባል፣ ዕውቀት። ሌላው «ሒልም»፣ ትዕግሥት፣ ሆደ ሰፊነት። በኩፊ በቃሉ መሃል «ዐ» እና «ሐ» ሊምታቱ ይችላሉ። እኔ ትዕግሥት ባይ ነኝ።

ዲያቆን_በለንደን · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡20

እኔ ዕውቀት። ዳዊት ስደግም የተገረፍኩት ይመሰክራል።

ወይዘሮ_ወጭት · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡24

ሦስት ልጅ አሳድጌያለሁ። ትዕግሥት።

ገል_ለቃሚ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረችኝ። በስልኬ ያነሳሁት ሌላ ትንሽ ሳህን አለ፣ ፎቶው ከታች ነው። መግለጫውን ማንሳት ረሳሁ። ዳሩን ሁሉ ጽሑፍ ነው። ኡም ሰልማን፣ ምን ይላል? ትልቅ ምክር ሳይሆን አይቀርም።

ኡም_ሰልማን · ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡35

አየሁት። አንድ ቃል ነው፣ «በረካ»፣ እየተደጋገመ። በረካ፣ በረካ፣ በረካ። ዞሮ ዞሮ መነሻው ጋ ሲደርስ ግን ቦታ አልበቃውም። የመጨረሻው «በረ» ብሎ ቀርቷል። «ካ»ን ሊያስገባ ሞክሮ ጫፏ የመጀመሪያዋን ፊደል ረግጣታለች።

ወይዘሮ_ወጭት · ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡41

መጥኖ አልደቆሰማ!